መረቡ ውሃውን ይከተል ወይስ መሬቱን? የዝናብ ጎርፍን በኮምፒውተር ስለማስላት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ የድሬዳዋ ሕዝብ በተኛበት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ጥሶ ገባ። ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ቤታቸውን አጡ። ደቻቱ ከዚራ የተባለውን የከተማዋን ክፍል መጋላ ከተባለው የሚለይ፣ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ የአሸዋ ወለል ነው። ውሃው የመጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው የደቡብ ተራሮች ሲሆን ከተማዋ የምትገኘው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የባቡር ሐዲዱ የሐረርን አቀበት መውጣት ስለከበደው በተራሮቹ ግርጌ መቆሙ ለድሬዳዋ መቆርቆር ምክንያት እንደሆነ ይታወቃል፤ ያው ግርጌ ግን ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ የሚገናኝበት ስፍራ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ አደጋው ታሪክ አይደለም። እንዲህ ያለ ጎርፍ መቼ፣ የትና ምን ያህል ጥልቀት ይዞ እንደሚደርስ በኮምፒውተር አስልቶ አስቀድሞ ለማወቅ ሲሞከር ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ ነው፦ መሬቱን ምን ያህል ወደ ትናንሽ ክፍሎች እንከፋፍለው? ትናንሾቹን ክፍሎችስ የት እናስቀምጣቸው? ጉዳዩ የባለሙያዎች የውስጥ ጣጣ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሰጠው የመድረሻ ሰዓት እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ረገድ ከሱናሚና ከግድብ መደርመስ ስሌት የተወረሰው ልማድ ለዝናብ ጎርፍ እንደማይመች ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

የስሌቱ መሠረት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳን ቬናን እ.ኤ.አ. በ1871 ያሳተማቸው እኩልታዎች ናቸው። ዛሬ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሰፍተው የምንጠቀምባቸው እነዚህ እኩልታዎች የሚሉት ነገር በመሠረቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው በአንድ ስፍራ የሚኖረው ውሃ በገባውና በወጣው ልዩነት ልክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ የውሃውን እንቅስቃሴ የሚለውጡት ስበት፣ ግፊትና የመሬቱ ሸካራነት ናቸው። ዝናብ ከላይ የሚጨመር፣ ወደ አፈር የሚሰርገው ደግሞ ከታች የሚቀነስ መጠን ሆኖ ይገባል። ሸካራነቱን ለመግለጽ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የአየርላንዳዊው የማኒንግ ቀመር ያገለግላል። እኩልታዎቹን ለእውነተኛ መልክዓ ምድር በወረቀት መፍታት ስለማይቻል መሬቱን በመረብ ሸፍነን፣ እያንዳንዱን የመረቡን ሴል የራሱ ከፍታ፣ የውሃ ጥልቀትና ፍጥነት ሰጥተን፣ በአጎራባች ሴሎች መካከል የሚያልፈውን ውሃ በጥቂት በጥቂት ጊዜ እያራመድን እናሰላለን።

ችግሩ የሚጀምረው ከዋጋው ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ተፋሰስ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ሴሎች ብንሸፍነው ወደ 111,000 ሴሎች ይበቁናል፤ በአንድ ሜትር ሴሎች ብንሸፍነው ግን 100 ሚሊዮን ያስፈልጋሉ። ወጪው በዚህ ብቻ አያበቃም። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳዩት፣ በቀላል የስሌት ዘዴዎች አንዱ የጊዜ እርምጃ ማዕበሉ አንድ ሴል አቋርጦ ከሚያልፍበት ጊዜ መብለጥ የለበትም። ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ማዕበል በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ውሃው ራሱ በሰከንድ ሦስት ሜትር ቢፈስ ድምሩ ከሰባት ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ሜትር ሴል ላይ የምንራመደው ከሰከንድ አንድ ሰባተኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ የአሥር ሰዓት ጎርፍን ለማስላት ከ250,000 በላይ እርምጃ ያስፈልጋል ማለት ነው። በ30 ሜትር ሴል ዘጠኝ ሺህ ገደማ እርምጃ ይበቃል። የሴሎቹን ብዛትና የእርምጃዎቹን ብዛት አንድ ላይ ስናስበው፣ ከ30 ሜትር ወደ አንድ ሜትር መውረድ ሥራውን 27,000 እጥፍ ያበዛዋል።

ታዲያ በ30 ሜትር ሴል ብንወሰንስ? የዚህን መልስ በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ በግማሽ ሜትር ጥልቀት ውሃ የሚፈስበት አነስተኛ የተራራ ቦይ እናስብ። በ30 ሜትር ርዝመቱ ውስጥ 15 ሜትር ኩብ ውሃ አለ። ይህ ቦይ በአንድ የ30 ሜትር ሴል ውስጥ ሲውል ሞዴሉ ቦዩን አያውቀውም፤ ያንኑ ውሃ በ900 ካሬ ሜትር ላይ ዘርግቶ 17 ሚሊ ሜትር ያልሞላ ስስ ንጣፍ ያደርገዋል። ተዳፋቱና ሸካራነቱ ሳይለወጥ በማኒንግ ቀመር ሁለቱን ብናነጻጽር፣ በቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ከተዘረጋው ንጣፍ በስድስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። እንግዲህ ተራራው ላይ ያሉት ቦዮች ሁሉ እንዲህ ሲጠፉ ጎርፉ በኮምፒውተሩ ውስጥ እያዘገመ ይወርዳል፤ ከፍተኛው መጠኑ ዝቅ ይላል፤ የሚደርስበትም ሰዓት ይዘገያል። በሌሊት ለሚመጣ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የከፋ የስህተት አቅጣጫ የለም፤ ስሌቱ ገና ጊዜ አለ በሚልበት ሰዓት ውሃው ደርሷል።

እዚህ ላይ በሙያችን በብዛት የሚታይ አንድ አደገኛ አቋራጭ አለ። የሞዴሉ ጎርፍ ከተለካው ዘግይቶ ሲመጣ የሸካራነቱን ቁጥር ዝቅ እያደረጉ የተሰላውንና የተለካውን ጎርፍ መስመሮች ማገጣጠም ይቻላል፤ ሪፖርቱም ያምራል። ነገር ግን እንዲህ የተገኘው ቁጥር የመሬቱ ሸካራነት መሆኑ ቀርቶ የመረቡ ጉድለት ማካካሻ ሆኗል። የተስተካከለበት ዝናብ ሲያልፍና ሌላ፣ የበለጠ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ፣ ውሃው በቦዮቹ ውስጥ የሚይዘው ጥልቀት ስለሚለወጥ ማካካሻው አይሠራም። የምንፈራው ደግሞ ያንን እስካሁን ያልታየ ዝናብ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ሴል አስፈላጊ በሆነበት ስፍራ ትንሽ፣ በሌላው ስፍራ ትልቅ እንዲሆን የማድረግ ሐሳብ ይመጣል፤ ተጣጣሚ የስሌት መረብ የምንለው ይህ ነው። ማርሻ በርገርና ጆሴፍ ኦሊገር እ.ኤ.አ. በ1984 ለዚህ ዓይነት ስሌት መሠረት የጣለ ሥራ አሳትመዋል። በእነርሱ መንገድ መረቡ ስሌቱ በሚካሄድበት ጊዜ ራሱን ይለውጣል፤ ነገሩ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ስፍራ ይደቃል፣ ጸጥ ባለበት ይሰፋል። ለውሃ ስሌት ይህ ዘዴ እጅግ ያማረ ውጤት ያሳየበት ምሳሌ በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው የማልፓሴ ግድብ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1959 ምሽት ተደርምሶ በፍሬዡስ ከተማና በአካባቢዋ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ውሃው በመንገዱ ሦስት የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮችን ስላጠፋ የጠፉበት ሰዓት የማዕበሉን መድረሻ መዝግቦልን ቀርቷል፤ ፖሊስም ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ለክቷል። አዲስ የጎርፍ ሞዴል የሚሠሩ ብዙዎች ሞዴላቸውን በማልፓሴ ይፈትኑታል። በእንዲህ ያለው ጎርፍ ውሃው ከአንድ ስፍራ ይነሳል፣ ግልጽ ግንባር አለው፣ ከግንባሩ ፊት ያለው ሸለቆ ደረቅ ነው። ደቃቁ መረብ ግንባሩን እየተከተለ ቢሮጥ፣ ደረቁን ስፍራ በትልልቅ ሴሎች ትቶ ከፍተኛ የስሌት ጊዜ ይቆጥባል።

የዝናብ ጎርፍ ግን እንዲህ አይደለም። ዝናቡ ሲጀምር ተፋሰሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይረጥባል፤ የሚከተሉት ግንባር የለም። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ሳይሰርግ ቢወርድ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በየሰከንዱ 16.7 ሜትር ኩብ ውሃ ያፈሳል፤ ይሁን እንጂ በተዳፋቱ ላይ የሚታየው ጥልቀት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ውሃ ያለበትን ስፍራ አድቅቅ የሚል ትእዛዝ የተሰጠው መረብ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ተፋሰሱን በሙሉ ያደቅቀዋል። ጥልቀቱ ከተወሰነ ገደብ ሲበልጥ ብቻ አድቅቅ ብንለው ደግሞ፣ ቦዩ በትልቅ ሴል ውስጥ ተውጦ እያለ ጥልቀቱ ከቶ ስለማይጨምር፣ መድቀቅ የሚገባው ስፍራ መድቀቅ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት አይሰጥም። በእኔ እይታ ዋናው እንቅፋት ይህ ነው፤ የጠፋውን ነገር እንዲፈልግ የምንልከው ያጠፋውን መረብ ራሱን ነው።

ሌላም፣ ስውር የሆነ ችግር አለ። ሴሎች በስሌቱ መካከል ሲዋሃዱና ሲከፈሉ የመሬቱም ከፍታ አብሮ ይለወጣል። የሦስቱ ወለል 10 ሜትር፣ የአራተኛው 9 ሜትር የሆኑ አራት ትናንሽ ሴሎችን እንውሰድና በዝቅተኛው ውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይኑር፤ የውሃው ገጽ 9.4 ሜትር ላይ ነው። አራቱን ስናዋህድ አማካይ ወለሉ 9.75 ሜትር ይሆናል። የውሃውን መጠን እንጠብቅ ካልን በሴሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይኖራል፤ ገጹ ግን ወደ 9.85 ሜትር ተነስቷል፤ ካልነበረበት 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አግኝቶ ወደ ጎረቤቶቹ ይፈሳል። የውሃውን ገጽ እንጠብቅ ካልን ደግሞ 9.4 ከ9.75 በታች ስለሆነ ሴሉ ደረቅ ይሆናል፤ ውሃው ጠፋ ማለት ነው። በውቅያኖስ ላይ፣ ጥልቀቱ በሺህ በሚቆጠር ሜትር ሲሆን፣ ይህ ጉድለት ከባሕር ዳርቻው በስተቀር አይሰማም፤ የሱናሚ ስሌት ሠሪዎች ገጹን መጠበቅ የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ሚሊ ሜትሮች ወሳኝ በሆኑበት ተዳፋት ላይ ግን ሴል በተከፈለና በተዋሐደ ቁጥር ወይ ሐሰተኛ ማዕበል ይወለዳል ወይ ውሃ ይጠፋል።

ከዚህ የተነሳ ለዝናብ ጎርፍ የሚበጀው መረቡ ውሃውን ሳይሆን መሬቱን እንዲከተል ማድረግ፣ ማለትም ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በመልክዓ ምድሩ መሠረት አንድ ጊዜ ሠርቶ እንዳለ መተው ነው የሚል አቋም አለኝ። ውሃው የት እንደሚሰበሰብ ዝናቡ ሳይጥል በፊት መሬቱ ራሱ ይናገራል።

ይህን ለማድረግ ከሚያገለግሉት መንገዶች ዌቭሌት የተባለው የሒሳብ ዘዴ ቀጥተኛ ነው። ካሉን ሁሉ ደቃቅ ከሆነው የከፍታ መረጃ እንነሳና አራት አራቱን ሴሎች አንድ እያደረግን፣ አማካዩን በአንድ በኩል፣ ከአማካዩ የሚለዩበትን ዝርዝር በሌላ በኩል እናስቀምጣለን። አራቱ ሴሎች 1210.2፣ 1210.4፣ 1210.3 እና 1210.5 ሜትር ከሆኑ አማካዩ 1210.35 ነው፤ ዝርዝሩ ከ15 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ ቢዋሃዱ የሚጠፋ ቁም ነገር የለም። 1210.2፣ 1210.4፣ 1207.1 እና 1207.3 ከሆኑ ግን የወንዝ ዳር እዚያ አለ፤ ሳይነኩ ይቀራሉ። የተዋሃዱትን ደግሞ እንደገና አራት አራት እያደረግን ወደ ላይ እንወጣለን። በመጨረሻም ጎን ለጎን ያሉ ሴሎች ከአንድ ደረጃ በላይ እንዳይበላለጡ መረቡን እናስተካክላለን፤ ትልቅ ሴል ከብዙ ጥቃቅን ሴሎች ጋር በቀጥታ ሲዋሰን በድንበሩ ላይ ስህተት ይበዛልና።

ይህ አካሄድ በተራራ ላይ አንድ ጠንካራ ማስተካከያ ይፈልጋል። 30 በመቶ ተዳፋት ያለው፣ ገጹ ግን ፍጹም ለስላሳ የሆነ ኮረብታ በ30 ሜትር ውስጥ ዘጠኝ ሜትር ይወርዳል። አማካይ ከፍታን ብቻ የሚያነጻጽር መለኪያ ይህን ሁሉ እንደ ዝርዝር ቆጥሮ ኮረብታውን በሙሉ ያደቅቀዋል፤ በኮረብታው ላይ ግን የሚፈለግ አዲስ ነገር የለም፣ አንድ ያጋደለ ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ከአማካዩ ጋር የተዳፋቱን አቅጣጫና መጠንም መያዝ፣ ማነጻጸሩንም ካጋደለው ገጽ ጋር ማድረግ ያስፈልጋል። እንደ ደቻቱ ባለ ቁልቁለት በበዛበት ተፋሰስ ይህ ማስተካከያ ካልተደረገ የተጣጣሚነቱ ጥቅም ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ሴሎች ይዋሃዱ ወይስ ሳይነኩ ይቅሩ የሚለውን የሚወስነው የዝርዝሩ መጠን፣ ማለትም መቁረጫው ቁጥር፣ ስንት ይሁን ለሚለው አንድ መልስ የለም። በዚያው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኘው የፎገራ ሜዳም በርብና በጉማራ ወንዞች ተጥለቅልቆ ነበር። እዚያ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ብዙ ቀን ይቆያል፤ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ክትር ውሃው ወደ የትኛው ማሳ እንደሚሄድ ይወስናል። ለደቻቱ ተራሮች ተገቢ የሆነው የግማሽ ሜትር መቁረጫ ለፎገራ ግማሹን ወሳኝ ነገር ሊሸፍን ይችላል። ከዚህም በላይ የፎገራ ክትር ስፋቱ ከሴሉ ሊያንስ ስለሚችል፣ የሴሎቹን ጠርዝ በክትሩ አናት ላይ አስይዞ የአናቱን ከፍታ በጠርዙ ላይ መመዝገብ ሴሉን ከማድቀቅ ይልቅ ርካሽና አስተማማኝ ነው።

መሬቱን መከተል ብቻውን በቂ ነው ማለቴ አይደለም። ድንጋያማ የሆነ የተራራ ጫፍ ሸካራ ስለሆነ ብቻ ይደቃል፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚሰበሰብ ውሃ የለም። በተቃራኒው በከተማው ውስጥ ያለው የደቻቱ ወለል ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ይዋሃዳል፤ ከተፋሰሱ የወረደው ውሃ ሁሉ ግን በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ከከፍታው ዝርዝር ጋር፣ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ ከስንት ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ውሃ እንደሚፈስ የሚያሳየውን ስሌት ማጣመር ይገባል፤ ይህም ከከፍታ መረጃው በቀላሉ የሚወጣ ነው። የብዙ መሬት ውሃ የሚፈስበት ነጥብ ለስላሳም ቢሆን ይደቃል፤ ምንም የማይፈስበት ጫፍ ሸካራም ቢሆን ይዋሃዳል። ሰዎች የሚኖሩበትን ሰፈርና ድልድዮችን ደግሞ ያለ ምንም መለኪያ በእጃችን ብንመርጥ አላፍርበትም፤ ኮምፒውተሩ ሰው የት እንደሚተኛ አያውቅም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። በከፍታ መረጃው ውስጥ የሌለውን ዝርዝር መረቡን በማድቀቅ አይመልሱትም። ለአብዛኛው የሀገራችን ክፍል በነጻ የሚገኘው የከፍታ መረጃ፣ ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በ11 ቀናት ተልእኮ በራዳር የሰበሰበችውን ጨምሮ፣ 30 ሜትር ጥራት ያለው ነው፤ የከፍታ ስህተቱም በሜትሮች ይቆጠራል። ይህን መረጃ በሒሳብ አቅጥኖ ወደ አንድ ሜትር ሴሎች መበተን ስሌቱን ያስወድዳል እንጂ ሁለት ሜትር ቁመት ያለውን የጎርፍ መከላከያ ግንብ አያስገኝም። ከድሮን በሚነሳ ደቃቅ መረጃ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ድልድይ ከላይ ሲታይ መሬት ይመስላል፣ ሞዴሉም በወንዙ ላይ ግድብ እንደተሠራ ቆጥሮ ውሃውን ወደ ከተማው ያዞረዋል። የድልድዩን ወለል ከመረጃው ላይ አንስቶ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በቦታው ለክቶ ማስገባት ግድ ነው። ገንዘቡ ውሱን ከሆነ ከትልቅ ኮምፒውተር በፊት የወንዙን ወለል፣ ግንቦቹንና ድልድዮቹን ለሚለካ የቅየሳ ቡድን ቢውል እመርጣለሁ።

ተቃራኒ ሐሳቦችንም በቅንነት ማየት ይገባል። የግራፊክስ ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚያካሂዱ የኮምፒውተር ክፍሎች፣ እኩል በሆኑ ሴሎች የተሠራ መረብን በሚያስደንቅ ፍጥነት ያሰላሉ፤ የተጣጣሚው መረብ ያልተስተካከለ አደረደር ግን ይህን ፍጥነት በከፊል ያሳጣቸዋል። ከተፋሰሱ አብዛኛው መድቀቅ ካለበት እኩል መረብ ይበልጥ ሊያዋጣ ይችላል። ሌላው መንገድ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር የሚያዘጋጀው ሄክ ራስ የተባለው ሶፍትዌር ሁለት አቅጣጫ ላለው ስሌት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከተለው ነው፤ ሴሉ ትልቅ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ደቃቅ መሬት በየከፍታው ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ በሠንጠረዥ ይመዘገባል። ይህ ለፎገራ ዓይነት ሜዳ በጣም ይመቻል። በተራራ ላይ ግን ሁለት ቦዮችና በመካከላቸው ያለ ሸንተረር በአንድ ሴል ውስጥ ከወደቁ፣ ሴሉ አንድ የውሃ ገጽ ብቻ ስላለው ውሃው ሸንተረሩን ሳይሻገር ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው ያልፋል። እዚያ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መረቡ በቂ መሆኑን የምናረጋግጠው ከተፋሰሱ ውስጥ አንድ ትንሽ ንዑስ ተፋሰስ መርጠን፣ እርሱን ብቻ በሙሉ በደቃቁ መረብ አንድ ጊዜ በማስላት ነው። ከዚያ መቁረጫውን ደረጃ በደረጃ እያላላን የሚወጣውን የጎርፍ መጠንና የመድረሻ ሰዓት እናነጻጽራለን፤ ልዩነቱ ከዝናብ መለኪያው ስህተት መብለጥ በጀመረበት እንቆማለን። ከዚያ በታች መድቀቅ፣ ዝናቡን ራሱን በቅጡ ሳናውቀው የውሃውን ሚሊ ሜትር መቁጠር ይሆናል።

አንድ ጊዜ የተሠራ ቋሚ መረብ ለማስጠንቀቂያ ሥራም ይመቻል። በሰከንድ ሦስት ሜትር የሚፈስ ጎርፍ 20 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሁለት ሰዓት አይሞላውም፤ ስሌቱ ከዚህ ሰዓት ውስጥ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ነው መውሰድ ያለበት። መረቡ ከክረምቱ በፊት በጥንቃቄ ተዘጋጅቶ፣ ተፈትሾ ይቀመጣል፤ በጎርፉ ሌሊት የሚለወጠው የዝናቡ መጠን ብቻ ይሆናል። አዲስ ግንብ ሲገነባ ወይም ድልድይ ሲዘረጋ የዚያ ሰፈር ሴሎች ብቻ እንደገና ይሠራሉ፤ የቀረው እንዳለ ያገለግላል።